የጅቡቲ ከተማ መሬት፦ ወደቡ ቦታ አገኘ፣ የወደቡ ሠራተኛስ?

ፕላነር ከአዳማ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። የከተማ ፕላን ባለሙያ ነኝ። የጅቡቲ ከተማን ጉዳይ ለዓመታት በቅርብ ስከታተል ቆይቻለሁ። እዚህ መድረክ ላይ ጅቡቲ ስትነሳ ወሬው ሁሌ የወደብ ኪራይ፣ የኮንቴይነር መዘግየትና ለመዘግየቱ የሚከፈለው ዲመሬጅ ነው። እኔ ግን ስለ ከተማዋ መሬት ልጽፍ ነው። ማን የት ተቀመጠ? ማን ቀድሞ ያዘ? ወደፊትስ እንዴት ይከፋፈል? ዓመቶቹን በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው።

ፈረንሳዮች ከተማዋን የቆረቆሩት በ1888 ነው። የመጀመሪያው ሰፈር ያረፈው ከባሕሩ ትንሽ ከፍ ባሉ የኮራል ድንጋይ ጉብታዎች ላይ ነበር። ጉብታዎቹን በሙሌት መንገድ አያያዟቸው። ሹሙና ነጋዴው ከፍ ያለውን ያዘ። ሠራተኛው ዝቅ ባለው ጨዋማ መሬት ላይ ሰፈረ። ዛሬ ካርቲዬ 1፣ ካርቲዬ 2 እየተባሉ እስከ 7 የሚቆጠሩት ሰፈሮች ያሉት እዚያው ዝቅታው ላይ ነው። በ1917 ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲደርስ የከተማዋ ዕድል ከእኛ ጋር ተሳሰረ።

በ1966 የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ከተማዋን በእሾህ ሽቦ አጠራት። ሥራ ፍለጋ የመጣው ሰው ከአጥሩ ውጭ ቀረ። ባልባላ የምንለው ትልቁ ሰፈር ያደገው ከዚያ ከአጥር ውጭ ከቀረው የቆርቆሮና የጣውላ ቤት ነው። በ1977 ነፃነት መጣ፣ በኋላም ሽቦው ተነሳ። ባልባላ ግን ውሃም፣ መንገድም፣ የይዞታ ወረቀትም ሳይቀድመው ተለጠጠ። በ2009 ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 818,159 ነበር። ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚኖረው ዋና ከተማዋ ውስጥ ነው።

ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ የእኛ ጭነት ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አሮጌው ወደብ ያለው ከተማው ውስጥ ነው። ከባድ መኪናው ሁሉ በሰው መሃል ነበር የሚያልፈው። ስለዚህ ወደቡን ከከተማው ወጣ ወዳለው ዶራሌ ማውጣት ተጀመረ። ነዳጁ ቀደመ፣ በ2009 የኮንቴይነር ተርሚናሉ ተከተለ፣ በ2017 ሁለገቡ ወደብ ተከፈተ። በ2018 ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠናው ተመረቀ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 240 ሄክታር ነው። ሙሉ ዕቅዱ 4,800 ሄክታር ነው። በዚህ ላይ ከአየር ማረፊያው አጠገብ ያለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ብቻውን ወደ 200 ሄክታር ይይዛል። ፈረንሳይ፣ ጃፓንና ቻይናም የየራሳቸው አላቸው።

ወደቡ ከከተማ መውጣቱ ትክክል ነበር። የሚያንገበግበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ለተርሚናል፣ ለቀጠናና ለጦር ሰፈር መሬት ተለክቶ፣ ካርታ ተነስቶ፣ ውል ተፈረመ። ጫኝና አውራጁ፣ ሹፌሩና ምግብ ሻጯ ግን የተረፈው ላይ ሰፈሩ። የተረፈው ደግሞ የጎርፍ መንገድ ነው።

እኔ የምለው ይህ ነው። የወደብ ከተማ ፕላን ሲወጣ መጀመሪያ የውሃው መንገድ ይከለል። ቀጥሎ የሠራተኛው መኖሪያ በወረቀት ይያዝ። የወደቡና የቀጠናው ውል ከዚያ በኋላ ይፈረም። ወደብ ገንዘብ ካገኘ ቦታ ይቀይራል፣ ጅቡቲ ላይ ቀይሯልም። አንዴ የሰፈረ ሠፈር ግን በቀላሉ አይነሳም። ይህን የማነሳው የእኛው ደረቅ ወደብ ያለባትን ሞጆን እያሰብኩም ነው። እስቲ የምታውቁትን ጻፉ።

---

የገላፊ መንገደኛ

ወንድሜ፣ ይህን ነገር ስላነሳኸው ተባረክ። እኔ ተሳቢ ነጂ ነኝ። መስመሩን ከገላፊ እስከ ዶራሌ በደንብ አውቀዋለሁ።

ስለ ከተማዋ መሬት ስታወራ ስለ ፓርኪንግ ካላወራህ ጎደሎ ነው። ከከተማው ዳር ፒኬ 12 የሚባል ቦታ ላይ መኪና ይቆማል። ተራ እስኪደርስ፣ ሰነድ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ። አንዳንዴ ቀናት ይወስዳል። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ጋቢና ውስጥ መተኛት አይቻልም። ተሳቢው ሥር ሸራ አንጥፈን ነው የምንተኛው። ከሥር መሬቱ ይግላል፣ ከላይ የሞተሩ ሙቀት አለ። ዛፍ የለም። ሽንት ቤት በገንዘብ ነው፣ እሱም ከተገኘ። መታጠቢያ ውሃ በጀሪካን ይገዛል።

ይህ ሁሉ ሰው በቀን በቀን ይመጣል። መኪናው ለከተማዋ ገቢ ነው። ሹፌሩ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጎማ ያስጠግናል፣ ካርድ ይሞላል። ታዲያ አራት መቶ ሜትር በአራት መቶ ሜትር የሚሆን ጥላ ያለው ማቆሚያ ከልሎ ሽንት ቤትና ሻወር መሥራት ለምን ያቅታል? ቦታው ቀድሞ ቢያዝ ርካሽ ነበር። አሁን ዙሪያው በሱቅና በመኖሪያ ተከቧል። መኪናው የሚቆመው ልጆች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ነው። በሌሊት ወደ ኋላ ሲነዳ ልብ ይቆማል።

የዶራሌው መንገድ ግን በጣም ረድቷል። ድሮ አሮጌው ወደብ ለመግባት ከተማውን ማቋረጥ ነበረብን። አሁን ከዋናው መንገድ ታጥፈህ በዳር በኩል ትገባለህ። ይህን መመስገን ያለበት ሰው ሁሉ ይመስገን።

---

እናት ባልባላ

ሰላም ናችሁ ወንድሞቼ። እኔ ኢትዮጵያዊት ነኝ፣ ከድሬዳዋ ነው የመጣሁት። ባልባላ ነው የምኖረው። ለሹፌሮች ምግብ እሠራለሁ። የገላፊ መንገደኛ ከእኔ ዘንድ ሳይበላ አይቀርም።

ስለ ቤታችን ልንገራችሁ። ግድግዳው ጣውላና ቆርቆሮ ነው። ወለሉን ራሳችን ነው ሲሚንቶ ያስደረግነው። ደጃችን ላይ ሁለት ሰማያዊ በርሜል አለ። ቦቴ ሲመጣ ከበርሜሉ አጠገብ መቆም አለብህ፣ አለዚያ ጎረቤት ይቀድምሃል። ውሃው እየተሻሻለ ነው፣ አልዋሽም። ከኢትዮጵያ የመጣው ውሃ ከገባ ወዲህ ብዙ ሰፈር ቧንቧ አግኝቷል። እኛ ያለንበት ጥግ ነው ያልደረሰው።

በኅዳር 2019 የዘነበው ዝናብ ግን አይረሳኝም። ቁልቁል ያሉት ጎረቤቶቻችን ናቸው የባሰባቸው። እኛ አልጋውን በብሎኬት ከፍ አድርገን፣ ልጆቹን ላዩ ላይ አስቀምጠን አደርን። ዱቄቱ ረጠበ፣ ምጣዱ ተሰበረ። ጠዋት ስንወጣ ከታች ያለው መንገድ ወንዝ ሆኖ ነበር። ብዙ ሰው ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠለለ።

ከዚያ በኋላ ሰዎች መጥተው ቤት ቆጠሩ። በራችን ላይ በቀለም ቁጥር ጻፉ። አንዱ ትነሳላችሁ ይላል፣ ሌላው ሰፈሩ ይሻሻላል ይላል። ወጥቶ የነገረን የለም። እኔ የምፈልገውን ልንገራችሁ። ሩቅ ወስደው አዲስ ቤት ቢሰጡኝ ቤቱ ያምር ይሆናል። ከዚያ ወደ መኪና ማቆሚያው ለመምጣት ግን በቀን ሁለት ጊዜ ታክሲ ነው። ድስትና ከሰል ተሸክሜ! ትርፌ መንገድ ላይ ያልቃል። እዚሁ ቁልቁል ያሉትን ወደ ላይ አምጥተው፣ ለሁላችንም ወረቀት ቢሰጡን ይሻለናል።

---

ፕላነር ከአዳማ

እናቴ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የጻፉት እኔ ካልኩት ሁሉ ይበልጣል። ከ2018 ወዲህ በዓለም ባንክ ድጋፍ ድሃ ሰፈሮችን ባሉበት የማሻሻል ፕሮጀክት ባልባላ ላይ ተጀምሯል። ሐሳቡ እርስዎ ያሉት ነው። መንገድና ቦይ ይከፈታል፣ መነሳት ያለበት ብቻ ይነሳል፣ ሌላው ባለበት ይቆያል። በርዎ ላይ የተጻፈው ቁጥር የዚህ ወይም የሌላ ሥራ ይሁን ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። የኮሚዩን (የአካባቢ አስተዳደር) ጽሕፈት ቤት ሄደው ቁጥሩን ይጠይቁ። ከጎረቤት ጋር ሆነው ይሂዱ። ለብቻ የጠየቀና በአንድ ላይ የጠየቀ እኩል አይሰማም።

የገላፊ መንገደኛ፣ ማቆሚያ ፓርኩ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የመኪና ማቆሚያ ከወደቡ መሬት እንደ አንድ ክፍል መቆጠር አለበት። ተርሚናሉ ሲለካ አብሮ መለካት ነበረበት።

---

ወንዝና ደለል

የውሃ መሐንዲስ ነኝ። የጎርፉን መንገድ፣ አምቡሊ የሚባለውን ወንዝ ነገር ላብራራው።

ጅቡቲ ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ150 ሚሊ ሜትር ብዙ አይርቅም። አብዛኛውን ዓመት አምቡሊ ደረቅ አሸዋና ጠጠር ነው። ሰው ኳስ ይጫወትበታል፣ ፍየል ይሰማራበታል። የሚያታልለውም ይህ ነው። ዝናቡ የሚመጣው በየጊዜው ሳይሆን በአንድ ጊዜ ነው። የላይኛው ተፋሰስ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ሣር የለውም፣ ውሃ አይይዝም። ላይ የዘነበው በሰዓታት ውስጥ ከተማ ይደርሳል። ወንዙ የሚያልፈው ደግሞ በባልባላና በአሮጌው ከተማ መሃል ነው።

በሚያዝያ 2004 ጎርፉ ከ50 በላይ ሰው ገደለ። በግንቦት 2018 ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ መጣ። በኅዳር 2019 ደግሞ፣ እናት ባልባላ የነገሩን ነው፣ መንግሥትና ተመድ በጋራ ባወጡት መግለጫ የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ። እስከ 250,000 ሰው ተጎዳ ተብሏል። የከተማውን ሕዝብ ቁጥር አስታውሱና መዝኑት።

ሰው የማያየው ሌላ ነገር አለ። ከተማዋ ለብዙ ዘመን የጠጣችው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ያ ውሃ የሚተካው ጎርፍ በወንዙ አሸዋ ውስጥ ሰርጎ ሲገባ ነው። ጉድጓዶቹ ከአቅም በላይ ስለተሳቡ ጨው እየገባባቸው ነው። ስለዚህ የወንዙን ዳር በቤትና በአስፋልት ስትዘጋ ሁለት ጉዳት ታደርሳለህ። የጎርፉን መንገድ ታጠብባለህ፣ ውሃው ወደ መሬት እንዳይገባም ትከለክላለህ። በ2017 ከኢትዮጵያዋ አዲጋላ የተዘረጋው ቧንቧ በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኪዩብ እንዲያደርስ ታስቦ ነው። በ2021 ዶራሌ ላይ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ተከፍቷል። ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው። ግን አንዱ ድንበር ተሻግሮ ነው የሚመጣው፣ ሌላው መብራት ይበላል። የራስ ከርሰ ምድር ውሃ መጠበቂያ ያስፈልገዋል።

መፍትሔው ምንድነው ብትሉኝ፣ ግንብ ብቻ አይበቃም። ግንብ ከላይ ስትሠራ ሰው ተማምኖ ይጠጋል። ከዚያ ውሃው ግንቡን ሲያልፍ ሟቹ ይበዛል። የወንዙ ሜዳ ስፋቱ ተለክቶ፣ ድንበሩ በድንጋይ ይታጠር። ውስጡ ባዶ አይተው፣ ባዶ ከተተወ ይያዛል። የአትክልት ቦታ፣ የኳስ ሜዳ፣ የቁም ከብት ገበያ ይሁን። አምቡሊ ዳር ድሮም የቴምርና የአትክልት ማሳ ነበረ። ጎርፍ ሲመጣ ሰው ጥሎት ይወጣል፣ ሲሄድ ይመለሳል። ቤት ግን አይሆንም።

---

ቁጥር ይናገር

ሁላችሁም ልብ በሚነካ መንገድ ጽፋችኋል። እኔ ግን በሌላ በኩል ልቁም።

ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላት፣ እርሻ የላት፣ ማዕድን ብዙ የላት። ያላት ጥልቅ ባሕርና የቦታዋ አቀማመጥ ነው። ከወደብ፣ ከነፃ ቀጠናና ከጦር ሰፈር ኪራይ ነው የምትኖረው። አሜሪካኖች በ2014 ውላቸውን ሲያድሱ በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። የወደቡ ውል እስኪፈረም መጀመሪያ የሠራተኛ ቤት ይከለል ካልን ባለሀብቱ ወደ ሶማሊላንዱ በርበራ ወደብ ይሄዳል፣ ወደ ኬንያው ላሙ ወደብ ይሄዳል። ውድድር አለ። ቤቱም ቦዩም የሚሠራው ከወደቡ በሚገኝ ገንዘብ ነው። ታዲያ ወደቡ ይቅደም ማለት ምን ጥፋት አለው?

በተጨማሪ 4,800 ሄክታሩ ባዶ በረሃ ላይ ነው። ማንንም አላፈናቀለም ማለት ይቻላል። መሬት አልጠፋም። የጠፋው ገንዘብ ነው።

---

ፕላነር ከአዳማ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ወደቡ አይሠራ አላልኩም። ለመከለል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ቀያሽ፣ ካርታና የድንበር ድንጋይ ነው። ገንዘብ የሚፈልገው ከተያዘ በኋላ ማንሳት ነው። ካሳ፣ ፍርስራሽ፣ አዲስ ቦታ። ስለዚህ ገንዘብ የሌለው ከተማ ነው ቀድሞ መከለል ያለበት።

መሬት አልጠፋም ያልከውም ግማሹ እውነት ነው። ሰው የሚያጣው ሥራው አጠገብ ያለ መሬት ነው። በረሃ ሙሉ መሬት ቢኖር ከፒኬ 12 ሩቅ ከሆነ ለእናት ባልባላ ምን ያደርግላቸዋል? የአዲሱን ባቡር ጣቢያ እይ። ናጋድ ከከተማው ውጭ ነው። ለጭነት ተስማሚ ነው። ሻንጣ ይዞ ለሚወርድ መንገደኛ ግን ወደ ከተማ ሌላ ጉዞ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አሮጌው ወደብ ሲለቀቅ ከተማዋ እምብርት ላይ፣ ባሕሩ ዳር፣ መሬት ይገኛል። በ2021 ከአንድ የቻይና ኩባንያ ጋር ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ስምምነት ተፈርሟል። አሮጌውን ወደብ የንግድ ማዕከል ለማድረግ ነው። አርአያው የሼንዠኗ ሼኮው ናት። እዚያም ወደቡ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና ከተማው አብረው ነው የተሠሩት። ቢሮና ሆቴል ይምጣ፣ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከተማዋ ከመቶ ዓመት በኋላ ባሕሯን መልሳ የምታገኝበት አንድ ዕድል ይህ ነው። ዳሩ ሁሉ በአጥር ከተዘጋ የካርቲዬ ልጅ ባሕር ዳር ተወልዶ ባሕር የሚያየው በግንብ ቀዳዳ ይሆናል። ውሉ ውስጥ የሕዝብ መራመጃና ለተራ ሠራተኛ የሚሆን ቤት በሄክታር ተጽፎ መግባት አለበት። የድሮው ሐዲድ መስመርም አለ። ያ ጠባብ መሬት ለእግረኛና ለብስክሌት ቢያዝ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ያገናኛል።

ከደቡብ በኩል ደግሞ ዳመርጆግ አለ። የኢንዱስትሪና የነዳጅ ወደብ እየተሠራበት ነው። ከሃራሙስ እስከ ሎያዳ ያለው ዳርቻ ረግረጋማ ቦታዎችን በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት የተመዘገበ ረግረግ ነው። ስደተኛ ወፎች ያርፉበታል፣ ማንግሮቭ የሚባለው በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ አለበት። ማንግሮቭ ማዕበልን ያበርዳል፣ ለዓሣ መራቢያ ነው። ነዳጅ ቢፈስ ማጽዳቱ እጅግ ከባድ ነው። እዚህ ላይ መከለያ ቀጠና ካልተያዘ በኋላ የሚመለስ አይደለም።

---

ቀይ ባሕር የኛ

ይህ ሁሉ ወሬ ምን ይጠቅመናል? የራሳችን ወደብ ቢኖረን እኮ የሰው ከተማ ፕላን አንጨነቅም ነበር። አሰብን ያስረከበውን ሰው ነው መጠየቅ...

---

አወያይ

ወንድማችን፣ የባሕር በር ጉዳይ የራሱ ክር አለው፣ እዚያ ቀጥልበት። እዚህ የምናወራው ስለ ከተማ መሬት ነው። የቀረውን መልእክትህን ወደዚያ አዛውሬዋለሁ።

---

የይዞታ ጠበቃ

በሕግ በኩል ትንሽ ልበል። ጅቡቲ ውስጥ መሬት በመሠረቱ የመንግሥት ነው። ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጊዜያዊ የይዞታ ፈቃድ ነው። በተፈቀደለት መሠረት ገንብቶ ሲያሳይ ወደ ቋሚ ማስረጃ ይለወጣል። ችግሩ ድሃው መገንባት የሚችለው ቆርቆሮ ነው። ቋሚ ቤት ካልሠራ ቋሚ ወረቀት አያገኝም። ቋሚ ወረቀት ከሌለው ባንክ አያበድረውም። ብድር ካላገኘ ቋሚ ቤት አይሠራም። በዚህ ክብ ውስጥ ትውልድ ያልፋል።

እኛስ? እኛ ዘንድ ጨረቃ ቤት ብለን በሌሊት ሠርተን በጠዋት የሚፈርስብን ጉዳይ ነው። ከዚህ ይልቅ ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ማስረጃ ይሻላል። መጀመሪያ ቁጥርና ስም ይመዝገብ። ያ ብቻውን በኃይል ከመነሳት ይከላከል። ቀጥሎ ሰፈሩ ሲሻሻል ካርታ ይሰጥ። እናት ባልባላ በራቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር መዝገብ ላይ ከስማቸው ጋር ካለ ትልቅ ነገር ነው። ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት። ቀኑንም ይጻፉ።

---

የሉሜ ገበሬ ልጅ

እኔ የሞጆ አካባቢ ልጅ ነኝ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ሞጆ ስላየሁ ነው የገባሁት። የምታወሩት ሁሉ እኛ ደጅ ላይ ነው።

ደረቅ ወደቡ ሲመጣ ሞጆ ትንሽ ከተማ ነበረች። መንገዱ ከጅቡቲ መጥቶ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ ወደ ሐዋሳ የሚሄድበት መገንጠያ ናት። ፈጣን መንገዱ በ2014 ተከፈተ፣ ባቡሩ ተከተለ። ወደቡም ሰፋ። አሁን ሆቴሉ፣ ጋራዡ፣ መጋዘኑ በዝቷል። ሥራ አለ፣ ጥሩ ነው። ግን የአባቴ ማሳ ጤፍና ምስር የሚያበቅል ነበር። ከፊሉ ሄዷል። ካሳውን ተቀብለን የተወሰነውን ባጃጅ ገዛንበት። ባጃጁ አርጅቷል። መሬቱ ቢኖር አያረጅም ነበር። ይህን ስል ልማት ይቁም ማለቴ አይደለም። ወንድሞቼ አሁን ጭነት ላይ ይሠራሉ፣ የሚተኙት ግን ከተማው ዳር የተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ገበሬው ከማሳው ወጥቶ የከተማ ተከራይ ሆነ።

ሌላው ወንዙ ነው። የቆዳ ፋብሪካዎቹ ፍሳሽ የሞጆን ወንዝ ምን እንዳደረገው የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። ወንዙ ቆቃ ነው የሚገባው። ከታች በዚያ ውሃ አትክልት የሚያጠጣ አለ። በወንዙ ዳር ደግሞ አሁን ቤት እየበዛ ነው።

ጥያቄዬ ለጠበቃው ነው። ገና ያልተወሰደ መሬት ያላቸው ጎረቤቶቻችን አሁን ምን ማድረግ ይችላሉ?

---

የይዞታ ጠበቃ

ወንድሜ፣ የሚመለከታችሁ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፣ ይኼኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው። ሦስት ነገር ያዙ።

ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ አስቀድሞ፣ በመደበኛው አሠራር ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ስለ ፕሮጀክቱ ማማከር ግዴታ ነው። በቋሚነት ለሚነሳ ገበሬ የሚከፈለው የማፈናቀያ ካሳ ባለፉት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። በቀድሞው አዋጅ በ10 ነበር። ገቢያችሁን አሁኑኑ መዝግቡ። ስንት ኩንታል ጤፍ፣ ስንት ምስር፣ የሸጣችሁበት ዋጋ፣ ገለባው ሳይቀር። ግምት ሲሠራ ወረቀት ያለው ነው የሚያሸንፈው። ሦስተኛው ቅድሚያ የማልማት መብት ነው። ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት ራሳቸው ማልማት ከቻሉ ቅድሚያ አላቸው። ለብቻ ከባድ ነው። ተደራጅታችሁ መጋዘን ወይም የመኪና ማቆሚያ ብትሉ ግን ከባጃጅ የተሻለ ነው።

---

የገላፊ መንገደኛ

ማቆሚያ የምትለዋ ላይ ልጨምር። ሞጆ ላይ መኪና መንገድ ዳር ነው የሚቆመው። ሌሊት ዘራፊ አለ፣ ነዳጅ ይቀዳል። ጥበቃና መብራት ያለው፣ ጥላ ያለው፣ ሽንት ቤትና ሻወር ያለው ማቆሚያ ገበሬዎቹ ቢከፍቱ እኔ ከፍዬ እገባለሁ። ጓደኞቼም ይገባሉ። ጎማ ጥገናና ምግብ ቤት አብሮ ይሂድ። መግቢያው ግን ሰፊ ይሁን። ተሳቢ ሲታጠፍ ቦታ ይፈልጋል፣ ባለሙያ ሳያዩት በር አታስገነቡ።

---

እናት ባልባላ

ልጄ፣ ባጃጁ አርጅቷል ያልከው ሆዴን አባባው። ሴቶቹን አትርሱ። ማቆሚያው ሲሠራ ለምግብ ሻጮች ተራ ቦታ ከመጀመሪያው ይለካ። ቧንቧና የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ይግባለት። እኛ እጣቢውን የምንደፋበት አጥተን ነው መንገድ ላይ የምናፈሰው። በኋላ ንጽሕና አልጠበቃችሁም ብለው የሚያባርሩን እኛኑ ነው።

---

ወንዝና ደለል

ለሉሜው ልጅ አንድ ነገር። ጥቁር አፈር ላይ የመኪና ማቆሚያ ሲሠራ ተጠንቀቁ። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከባድ መኪና ከቆመበት አንድ ክረምት ሳያልፍ ይዘቅጣል። ጥቁሩ አፈር ተዝቆ ወጥቶ በቀይ አሸዋ መሞላት አለበት። ዙሪያውን ቦይ ይቆፈር። ከግቢው የሚወጣው ውሃ ዘይትና ነዳጅ ይዞ ስለሚሄድ በቀጥታ ወንዝ አይግባ፣ መጀመሪያ ማጥለያ ጉድጓድ ይለፍ።

ከወንዙ ዳር ደግሞ ራቁ። በሞጆ ያለው ዝናብ ከጅቡቲ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

---

የሉሜ ገበሬ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን ሁሉ ለጎረቤቶቼ አነባለሁ። የከተማውን መዋቅራዊ ፕላን እንዴት ነው የምናየው? ማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ባለ ቀለም ካርታ አለ። ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ ነው። ማን ምን እንደሆነ የሚነግረን አላገኘንም።

---

ፕላነር ከአዳማ

እሱ ነው ፕላኑ። በአዋጅ ቁጥር 574/2000 (ይህም ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ፕላን ሲወጣ ሕዝቡ መሳተፍ አለበት፣ ስለዚህ ማየትና መጠየቅ መብታችሁ ነው። በተለመደው አቀባብ ቢጫው መኖሪያ፣ ሐምራዊው ኢንዱስትሪና መጋዘን፣ አረንጓዴው ክፍት ቦታ ወይም እርሻ ነው። ግን በግምት አትሂዱ። ጥጉ ላይ የቀለም መግለጫ ሠንጠረዥ አለ፣ እሱን አንብቡ። ፕላኑ የጸደቀበትን ዓመትም እዩ። የአገልግሎት ዘመኑ 10 ዓመት ነው። ሊያበቃ ከተቃረበ ክለሳ ይመጣል ማለት ነው፣ ያኔ ነው መናገር ያለባችሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ሥራ ሥሩ። ሽማግሌዎቹን ይዛችሁ ማሳውን ዙሩ። በከባድ ክረምት ውሃ የተኛበትን፣ ወንዙ ወጥቶ የደረሰበትን ቦታ ይጠቁሙ። በስልክ ቦታውን መዝግቡት፣ ስንት ዓመት ገደማ እንደነበረም ጻፉ። የፕላን ቢሮው ዘንድ የሌለ መረጃ ነው። ሐምራዊው ቀለም ውሃ የሚተኛበት ላይ ካረፈ ክርክራችሁ በእጃችሁ ነው።

ካርታውን አስፈቅደህ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፈው። የማሳችሁን ቦታ ከወንዙ መስመር ጋር አስተያይቼ እጽፍልሃለሁ። ቀጥ ብለህ ፊት ለፊት አንሳው። የመጠን መለኪያውና የሰሜን ቀስቱ እንዳይቆረጡ።